ሳዲቅ ያመሰገነው ተጎታች ቤት

ሳዲቅ ይመር አንድን ነገር አይቶ «ጥሩ ነው» ሲል የሰማ ሰው የሐበሾች ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ ላይ የለም። ዕድሜው ስልሳ አንድ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ከገባ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ያላጣጣለው ነገር ቢኖር ያላየው ብቻ ነው። አዲስ ምግብ ቤት ሲከፈት ይጠሩታል፤ በልቶ፣ ጠግቦ፣ እጁን ከታጠበ በኋላ «ሳህኑ ይሻላል» ይላል። በርበሬና ሽሮ የሚሸጠው ተፈሪ የሱቁን ስም በመብራት አጽፎ በሩ ላይ የሰቀለ ዕለት፣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሲለው፣ ሳዲቅ መንገዱን ተሻግሮ ቆመ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና «ተጣሟል» አለ። ተጣሞም ነበር። ግን የዚያን ዕለት መባል ነበረበት?

ቢሆንም ሰው ይወደዋል። መኪና የሚገዛም ሆነ ቤት የሚከራይ «ሳዲቅን ይዘን እንሂድ» ይላል፤ ምክሩን ፈልጎ ሳይሆን ለመሳቅ። ምክሩማ ብዙ ጊዜ አይያዝለትም። ጎረቤቱ ዘለቀ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ካምሪ መኪናውን ሲገዛ «ዓመት አትደፍንም» ብሎት ነበር። ካምሪዋ ይኸው እስከ ዛሬ ትሄዳለች፤ ሳዲቅም በየሳምንቱ ከፊት ወንበሯ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ ያማታል።

ነገሩ የጀመረው ኮምቦልቻ ነው። እናቱ ከሱ በፊት ሁለት ሕፃናት ቀብራ ነበር። ሦስተኛው ሲወለድላት ዓይን እንዳይገባው ብላ ስሙን ደበቀችና «ጥራጊ» አለችው። ጎረቤት «ልጅሽ እንዴት አማረበት!» ካላት «ይሄን ፉንጋ ነው? ወስደሽ ጣይልኝ!» ትላለች። ሳዲቅ የሚባል ስም እንዳለው ያወቀው ትምህርት ቤት ሊመዘገብ የሄደ ቀን ነው። እሱ ባደገበት ቤት የተወደደ ነገር ይሰደባል እንጂ አይሞገስም። ይህን ለማንም አስረድቶ አያውቅም። ሚስቱ ሲቲና ግን፣ አላህ ይዘንላት፣ ሳይነገራት ገብቷት ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ወጥሽ ውኃ ነው» እየተባለች፣ የተጠረገ ሳህኑን አይታ ትስቅ ነበር።

እንጀራው ደግሞ ለአመሉ የተመቸ ነው። ጋርዴና ውስጥ ተጎታች ቤት በሚጠገንበት ወርክሾፕ አናጺ ነው። ተጎታች ቤት ማለት ፈረንጅ ደህና ቤት እያለው፣ ቤቱን ትቶ መንገድ ዳር ለማደር ሲል መኪናው ኋላ አስሮ የሚጎትተው፣ አልጋና ምድጃ ሽንት ቤትም ያለው ሣጥን ነው። ገዢው የሚያየው የውጭ ቀለሙን ነው። ሳዲቅ የሚያየው ግድግዳው ሲገነጠል ከውስጥ የሚወጣውን ነው፤ እንደ ወረቀት በሽቦ የተሰፋ ስስ ጣውላ፣ ሙጫ፣ ከዚያ ሻጋታ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህንን ሲገነጥል የኖረ ሰው ዓለምን ቢንቅ አይፈረድበትም።

ዘለቀና ሚስቱ ሥርጉት ሃውቶርን ውስጥ እሱ በሚኖርበት ሕንፃ ከሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ናቸው። ሃያ አንድ ዓመት ጣሪያውም ወለሉም አንድ ሆኖ ኖረዋል። ዘለቀ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ሥርጉት ሳንታ ሞኒካ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፣ እሷም ልትወጣ ወራት ቀርቷታል። ጴንጤዎች ናቸው፤ ሳዲቅ እስላም ነው፤ ይህ የሾርባ ያህል እንኳ አላጣላቸውም። ሲቲና ከሞተች ወዲህ ሥርጉት በየረመዳኑ ሾርባና ሳምቡሳ በሳህን ሸፍና ታወርድለታለች። እሱም ሳህኑን ባዶ መልሶ አያውቅም፤ ቴምር ይሞላበትና «ጨው ረስተሻል» ብሎ ይመልሰዋል። ከሷ ሳህን ሌላ ለሱ የሚወርድ ሳህን ሎስ አንጀለስ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት እነዚህ ሁለት ብልህ ሰዎች ተጎታች ቤት ካልገዛን አሉ።

ምክንያቱ ዶርቃ ናት። ሥርጉት ሦስት ጊዜ አስወርዷት በአራተኛው ያገኘቻት አንድ ልጇ ናት፤ አግብታ ላስ ቬጋስ ትኖራለች፤ አርግዛለች። ሥርጉት ቡዳና ዓይን የሚባል ነገር በጌታ ዘንድ የለም ትላለች፤ አጥብቃ ነው የምትለው፤ የዶርቃን እርግዝና ግን ሰባት ወር እስኪሞላ ከቤተ ክርስቲያን እህቶቿ ደብቃለች። ለሳዲቅ የነገረው ዘለቀ ነው፣ ደረጃው ላይ፣ በሹክሹክታ። የዶርቃ ቤት ጠባብ ቢሆንም ግቢዋ ሰፊ ስለሆነ ሐሳባቸው የሃውቶርኑን አፓርታማ ለቀው፣ ተጎታች ቤት ገዝተው፣ እዚያ ግቢ ውስጥ አቁመው የልጅ ልጅ ማሳደግ ነበር። የመልቀቂያው ደብዳቤ ተጽፎ ሥርጉት ቦርሳ ውስጥ ገብቷል፤ ሰኞ ለአከራዩ ይሰጣል። አከራዩም ያቺን ደብዳቤ እንደ ዝናብ ሲጠብቃት የኖረ ሰው ነው፤ እነሱ በወጡ ማግስት ቤቱን ቀለም ቀብቶ በእጥፍ ያከራያል። ከወጡ መመለስ የለም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በካምሪዋ ሦስቱም ወደ ፖሞና ሄዱ፤ የተጎታች ቤት ትርኢት እዚያ ነበር። ሳዲቅ ገና ሳይደርሱ ጀመረ። ፍሪዌዩ ጠባብ ነው አለ። ፓርኪንጉ የሩቅ ነው አለ። በሩ ላይ የሚሸጠውን ቋሊማ አይቶ «ይሄን የሚበላ ሰው ተጎታች ቤት ውስጥ መሞት ይገባዋል» አለ። ሥርጉት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሷ ስትስቅ ደግሞ እሱ ይብስበታል።

የፈለጉት አዲስ የወጣ ዓይነት ነው፤ ስሙ «ሲልቨር ኩዌል» ይባላል፤ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ሆኖ ሦስቱም ቀይ ምንጣፍ ላይ ተሰልፏል። ኩዌል ቆቅ ናት። «ቆቅ እንኳ ጎጆ ስትሠራ አስባ ነው» አለ ሳዲቅ። ከፊት ለፊት ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል፤ ጎብኚዎች የተሰማቸውን ባለቀለም ወረቀት ላይ ጽፈው ይለጥፉበታል። ሳዲቅ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ ባንድ አነበበ። አንዱ «ነፃነት!» ብሏል። አንዱ «በመጨረሻ ሕልሜን አገኘሁ» ብሏል። አንዲት ሴት ደግሞ ልብ ሥላ «ሽታው ራሱ ቤት ቤት ይላል፣ ሊንዳ» ብላ ፈርማለች።

«ሕልሙን ያገኘው ሰውዬ ተኝቶ ነው የጻፈው» አለ ሳዲቅ።

ጎብኚዎቹም የሰሌዳቸው ዓይነት ነበሩ። ውሻ በሕፃን ጋሪ የሚገፉ ባልና ሚስት ውሻቸውን አልጋው ላይ አስተኝተው «ወደደው፣ ወደደው!» ይላሉ። ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ አንዲት መሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ በተዘጋች ቁጥር ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ መሳቢያ አይቶ የማያውቅ ይመስላል። አንዲት ወጣት ሽንት ቤቱ ላይ ከነልብሷ ተቀምጣ ፎቶ ታስነሳለች። አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥር ያየ፣ አንድም ሰው ጣሪያው ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሁሉም የሚነካው የሚያብረቀርቀውን ነው።

ሳዲቅ ትልቁ ውስጥ ሲገባ ትምህርት ቤት የከፈተ መሰለ። እብነ በረድ ነው የተባለውን ጠረጴዛ በጣቱ ቆረቆረና «ወረቀት» አለ። የግድግዳውን የእሳት ማንደጃ አይቶ «እሳት በቴሌቪዥን! ይሄ የሚያሞቀው ሞኝን ነው» አለ። የጥቁር እንጨት ቁም ሣጥኑን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫረው፤ ጥቁሩ ተነሥቶ ነጭ መስመር ወጣ። «እንጨቱ ቀለም ነው፤ ዛፍ በሥዕል ብቻ ነው ያየው» አለ። ዘለቀ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ግድግዳውን ተደገፈ። ሪክ የሚባለው ሻጭ፣ ጥርሱ ከተጎታች ቤቱ ቀለም የነጣ ሰው፣ ቋንቋው ባይገባውም አብሮ ይስቃል።

ሳዲቅ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ መኝታው ሄደ። ቫኒላ ይሸታል፤ ሊንዳ የምትባለዋ ያበደችለት ሽታ ይሄ ነው። ቫኒላ ግን ለብቻው አልነበረም። ሳዲቅ አፍንጫውን ነፋ፣ ፍራሹን አነሣ፣ ተንበረከከ፣ ከአልጋው ሥር ከግድግዳው ማዕዘን ወለሉን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ወለሉ እንደ ራሰ ዳቦ ሰረጎደ። ቀና ብሎ የጣሪያውን መስኮት ዙሪያ ተመለከተ፤ ሙጫው ግማሹን ዞሮ ቆሟል፤ የሠራው ሰውዬ ምሳ ሰዓት ደርሶበት የተወው ይመስላል። ውኃው ከዚያ ነው የገባው። ወይ ሲጓጓዝ፣ ወይ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ብቻ ገብቷል። ከዚህ ወዲያ አንድ ክረምት ይበቃዋል፤ አልጋው ከነተኛበት ሰው ይወርዳል።

ሳዲቅ ሲነሣ ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር።

«ዘለቀ፣ ና እስቲ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውኃ ገብቶበታል። ወለሉ በስብሷል።»

«ደግሞ ጀመረው!» አለ ዘለቀ እንባውን እየጠረገ።

«ቀልዴን አይደለም። ጣትህን አምጣ፣ እዚህ ጋ ተጫን።»

«ሳዲቅ፣ ጉልበቴን ታውቀዋለህ፣ አልንበረከክም። ካምሪዋንም ዓመት አትደፍንም ብለኸኝ ነበር።»

«ካምሪዋን ተዋት!»

«ሥርጉትን ሳገባ ብትኖር ኖሮ እሷንም ታስተወኝ ነበር። ሶ፣ ለአንተ ጥሩ ነገር የለም፤ ኦኬ? እኛ ግን እንኖርበታለን።»

ይህ እንግዲህ የሳዲቅ የእጁ ዋጋ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሁሉንም በአንድ ድምፅ ሲያጣጥል የኖረ ሰው፣ እውነተኛ ነገር ሲያገኝ የሚናገርበት ሌላ ድምፅ አልነበረውም። ወደ ሪክ ሄዶ በእንግሊዝኛ ነገረው። ሪክ ሳቀ፤ አዲስ ሙጫ እስኪደርቅ እንደዚያ ነው፣ ዋስትናም አለው አለ። ሳዲቅ ድምፁን ከፍ አደረገ። ውሻቸውን የያዙት ባልና ሚስት ዞረው አዩ። ዘለቀ ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው፤ አሁን አይስቅም።

«አታዋርደኝ። እንድታስቀን ነው ያመጣንህ። ዛሬ ሳይን ካላደረግን ዲስካውንቱ ያልፋል፤ ሥርጉት እንቅልፍ ካጣች ሳምንቷ ነው። በቃ፣ ዝም በል።»

ሥርጉት ያን ጊዜ ሳዲቅ «ወረቀት» ካለው እብነ በረድ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሪክ ውሉን ዘርግቶ፣ የምትፈርምበትን በቢጫ ምልክት አድርጎ፣ እስክሪብቶ ሰጥቷታል። መነጽሯን ፈልጋ ቦርሳዋን ስትከፍት የመልቀቂያው ደብዳቤ ጫፉ ብቅ አለ። ሳዲቅ አየው። ሰኞ ይሰጣል፤ በወሩ ይወጣሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ወለሉ ይወርዳል፤ እነዚህ ሁለት አሮጊቶች፣ አሮጊት ነው የሚላቸው ሁለቱንም፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ቤትም ሣጥንም የሌላቸው ይሆናሉ። ጮኾ ነገራቸው፣ ዝቅ ብሎ ነገራቸው፣ አልሰሙትም። እንግዲህ በዚህ ምድር ላይ ሥርጉትን የሚያስደነግጣት ምን ቀረ?

አንድ ነገር ብቻ ትዝ አለው። ዶርቃ ልጅ ሳለች አንዲት ሴት «ጸጉሯ እንዴት ያምራል!» ብላ ዝም በማለቷ፣ ማለትም እትፍ እትፍ ሳትልበት በማለፏ፣ ሥርጉት ልጅቷን ከበዓል ግብዣ መሀል አንሥታ ቤት ወስዳታለች። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋን በጌታ ወደደቻት እንጂ ቤቷ አላስገባቻትም።

ሳዲቅ ይህንን ቢያደርግ የሚከፍለውን ያውቃል። ቢሆንም ሄዶ ከፊቷ ቆመ።

«ሥርጉት» አላት፤ «እኔ እንዲህ ያለ ያማረ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።»

እስክሪብቶው ቆመ። ዘለቀ ዞረ።

«ምን አልክ?»

«ምን ያለ ቤት ነው! ምን ያለ ዕድል ነው! ፌርፋክስ ላይ ካለው ሐበሻ ሁሉ እንዲህ ያለ ያለው ማን ነው? ወለሉን አየሁት፣ ጣሪያውን አየሁት፣ እንከን የለውም። እኔ ነኝ ይሄን የምልሽ።» ማሻአላህ የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ መጣች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያማረ ነገር ባየ ቁጥር ዓይን እንዳይሆንበት በሆዱ የሚላት ቃል ናት። ዋጣት። ሥርጉት ከንፈሩን እያየች ነበር፤ ያቺን ቃል እየጠበቀች ነበር፤ አልመጣችም። እስክሪብቶውን ግን ገና አላስቀመጠችም። ስለዚህ አንድ ነገር ጨመረ፤ ባይጨምር ይሻለው የነበረ ነገር። «የዶርቃ ልጅ ያ አልጋ ላይ ተኝቶ ታየኝ። ስታድሉ! እኔ የሌለኝን።»

የሥርጉት ፊት አመድ መሰለ። ሪክ ግን ድምፁ ማማሩን ብቻ ሰምቶ ደስ አለው፤ ባለቀለም ወረቀትና እስክሪብቶ ለሳዲቅ አቀበለው። ሳዲቅም ጻፈ፤ «ያየሁት ሁሉ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል» የሚል ትርጉም የሌለው ምስጋና፤ ሪክም ወስዶ ከሊንዳ ልብ አጠገብ ለጠፈው። በሕይወቱ የጻፈው ብቸኛ ምስጋና ያ ነው።

«በኢየሱስ ስም» አለች ሥርጉት ለራሷ፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። እስክሪብቶውን ከደነችው። «ዘለቀ፣ ተነሥ። እንሂድ።»

«ሥርጉት፣ ሳይን—»

«አሞኛል አልኩህ። ተነሥ!»

ሪክ በነፃ የሚሰጥ ኮፍያ ይዞ እስከ ፓርኪንጉ ተከተላቸው። ካምሪዋ ውስጥ ከፖሞና እስከ ሃውቶርን ሳዲቅ ፍሪዌዩን አላማም። ሲደርሱ ሥርጉት ቀድማ ወርዳ ወደ ፎቅ ወጣች። ደብዳቤው ሰኞ አልተሰጠም፤ ማክሰኞም አልተሰጠም። ዘለቀ በኋላ ቀዶ ጣለው።

ሳዲቅም ዋጋውን ከፈለ። የሐበሻ ወሬ ከእግር ይፈጥናል፤ ሳምንት ሳይሞላ ፌርፋክስ ላይ «ሳዲቅ ዓይኑን ጣለባቸው» ተባለ። ሃያ ሦስት ዓመት ሲያጣጥል የሳቀለት ሁሉ አንድ ቀን ቢያመሰግን ሸሸው። ተፈሪ አዲስ የሥጋ መቁረጫ ማሽን ገዝቶ ነበር፤ ሳዲቅ ሱቁ ሲገባ ሮጦ በጆንያ ሸፈነው። ሸፍኖም «ሰላም ነው፣ ሳዲቅ?» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሣ። ይህ ሰው ኮሌጅ የበጠሰ ሰው ነው። ምግብ ቤት ሲከፈት መጥራቱም ቀረ።

ያ ሁሉ ቀላል ነበር። የከበደው ደረጃው ነው። ዘለቀ ሲያገኘው «ሰላም» ይላል፣ ያልፋል። ሥርጉት ጭራሹን የጫማውን ድምፅ ስትሰማ በሯን ትዘጋለች። ሥርጉት ያላት ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ባዶ ቤት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው ሰው ቀንቶባታል፤ ለዚያውም ገና ባልተወለደ ልጅ። «እኔ የሌለኝን» ብሏል፤ በጆሮዋ ሰምታለች። ሳዲቅ አንድ ሁለት ጊዜ ሊያስረዳት ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ምን ብሎ ያስረዳል? አውቄ ነው ዓይኔን የጣልኩት ሊላት ነው? ተመለሰ።

ታኅሣሥ ላይ ዝናብ መጣ፤ ሎስ አንጀለስ ሲዘንብ እንደ አመሉ ሁሉን ባንዴ ነው። ጥር መጀመሪያ ላይ ጋርዴና ወርክሾፕ በር ላይ አንድ ትልቅ ሲልቨር ኩዌል ተጎትቶ መጣ። ባለቤቷ የተናደደች ሴት ናት፤ ሊንዳ እባላለሁ አለች። አልጋው ከነፍራሹ በወለሉ አልፎ ወርዷል፤ ውስጡ ሻጋታ ብቻ ይሸታል፣ ቫኒላው ተሸንፏል። ሳዲቅ ቁም ሣጥኑን አየ፤ ነጩ የጥፍሩ ጭረት እዚያው አለ። ትርኢት ላይ የቆመው ራሱ ነው። ሳዲቅ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቀዳዳውን ፎቶ አነሣው፤ ጭረቱንም ጨምሮ አነሣው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምስክር ያለው ማጣጣል ነበር በእጁ የያዘው። ዛሬ እንግዲህ ሥርጉት በሯን ብትዘጋም አንኳኳለሁ አለ።

ዶርቃ የዚያን ሰሞን ወልዳለች፤ ለአራስነቷ እናቷ ዘንድ ሃውቶርን መጥታለች። ይህንን የነገረው የለም፤ የሕፃን ለቅሶ ከጣሪያው ወርዶ ነገረው። ሕፃኗ ሁለት ሳምንት ሙሉ እያለቀሰች ነው፤ ሳዲቅም ሥሯ ሆኖ ጣሪያውን እያየ ያዳምጣታል፤ «ድምፅዋ አያምርም» ይላል ለራሱ፣ ሰሚ ስለሌለ።

ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ሥር አገኛቸው። ከሐኪም እየተመለሱ ነው። ዶርቃ ሕፃኗን ታቅፋለች፤ ሥርጉት ከኋላዋ ቦርሳ ይዛለች። ሳዲቅ ስልኩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ።

ሥርጉት አየችው። ቦርሳው ከእጇ ወደቀ፤ ሮጣ የብርድ ልብሱን ጫፍ ሳበችና የሕፃኗን ፊት ሸፈነች።

ሳዲቅ ብዙ ተሰድቧል፤ ሲሰድብ የኖረ ሰው መሰደብ ያውቃል። እንዲህ ግን ተሰድቦ አያውቅም። እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ፎቶውን ቢያሳያት ስለ ወለሉ ታምነው ይሆናል። ስለ ዓይኑ ግን አታምነውም። ዓይኑን የሚያጸዳ ፎቶ ደግሞ የለም። ዶርቃ ግራ ገብቷት አንዴ እናቷን አንዴ እሱን ታያለች። ሳዲቅ እጁን ከኪሱ ባዶውን አወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቺ ናት እንዴ ሌሊት ሙሉ የምትጮኸው?» አለ ጮክ ብሎ። «አፍንጫዋ ሳይሸፈን አየሁት፣ በቃኝ! ምን ያለች ፉንጋ ናት!»

«ጋሼ ሳዲቅ! ዋት?» አለች ዶርቃ፤ አሜሪካ ያደገች ናት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ዋይ ዉድ ዩ—»

«ዝም በይ አንቺ!» አለቻት ሥርጉት። ብርድ ልብሱን የያዘው እጇ አልተንቀሳቀሰም። ወደ ሳዲቅ አላየችም። «ምን አልክ?»

«ፉንጋ ናት አልኩ። ጆሮዋ የዘለቀ ነው፣ ምስኪን። ማን ያገባታል ይቺን? ወስዳችሁ ጣሏት!»

ሥርጉት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። እንዲህ ያለውን ስድብ ታውቀዋለች፤ እሷም ባደገችበት አገር ልጇን የምትሳሳላት ሴት ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው። በየረመዳኑ «ጨው ረስተሻል» የተባለችውን ሁሉ፣ ሃያ አንድ ዓመት ዶርቃን «እግረ ቀጭን» ሲላት የኖረውን ሁሉ፣ አንድ ባንድ የምታስታውስ መሰለች። 

«ያን ቀን ምነው ታዲያ አመሰገንክ?» አለችው በቀስታ።

«ያ ቤት በስብሶ ነበርና!» አለ ሳዲቅ። «በስብሶ ነበር፣ ሥርጉት። አልሰማ አላችሁኝ።»

ሥርጉት ከዚያ ብርድ ልብሱን ሰብሰብ አድርጋ ከሕፃኗ ፊት ላይ ገለጠችው።

«እስቲ በደንብ እያት» አለችው።

ሳዲቅ ቀረበ። ሕፃኗ ነቅታለች፤ በትላልቅ ዓይኖቿ ቀጥ ብላ ታየዋለች። ማሻአላህ አለ በሆዱ፣ ፖሞና ላይ የዋጣትን ቃል፣ ሁለቴ።

«ደግሞም መላጣ ናት» አለ።